ጂፒኤሱ 200 ሜትር ሲስት፦ ከመሣሪያው በፊት ዳተሙን ይዩ

ጥያቄ፦ ያገለገለ ጋርሚን ኢትሬክስ 20 ገዝቻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ይዤ እንጦጦ እወጣለሁ። ከድሮው 1:50,000 ካርታ ላይ የምንጮችንና የመንገድ መገናኛዎችን ኮኦርዲኔት አንብቤ መሣሪያው ውስጥ አስገባሁ። ስክሪኑ ስህተቱ 4 ሜትር ብቻ ነው ይለኛል፤ ነጥቡ ላይ ደርሼ ስፈልግ ግን ምንጩን ከ200 ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ርቆ ነው የማገኘው። ሰንጋ ተራ ቢሮዬ በር ላይ ስከፍተው ደግሞ ያለሁበትን ቦታ አንዴ ከመንገዱ ወዲህ፣ አንዴ ከመንገዱ ማዶ ያሳየኛል። የባትሪ ድንጋይም ቶሎ ይጨርሳል። ተበላሽቶ ነው እንዴ የተሸጠልኝ?

መልስ፦ ከጻፉልኝ ምልክት ስነሳ መሣሪያዎ ደህና ነው። የተደራረቡብዎት እርስ በርስ የማይገናኙ ሁለት ችግሮች ናቸው። ሁልጊዜ በአንድ ልክ ወደ አንድ ጎን የሚስት ጂፒኤስ ቅንብሩ ነው የተሳሳተው። አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ የሚል ግን ሰማዩን በደንብ አላገኘም። እንጦጦ ላይ የገጠመዎት የመጀመሪያው ነው፤ ሰንጋ ተራ ላይ ያለው ሁለተኛው። መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው።

ከእንጦጦው ልጀምር። የድሮዎቹ 1:50,000 ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባል ዳተም (ኮኦርዲኔት የሚቆጠርበት መነሻና የምድር ቅርጽ) ነው፤ መነሻ ነጥቡ በግብጽና በሱዳን ድንበር አካባቢ ያለ፣ የምድርን ቅርጽ ደግሞ በክላርክ 1880 ልኬት የሚወስድ ነው። ጂፒኤስ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚመጣው ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ዳተም ነው። ሁለቱ ምድርን የሚለኩበት መነሻም ቅርጽም ስለሚለያይ አንድ ምንጭ በሁለቱ ሁለት የተለያየ ቁጥር አለው። አዲስ አበባ ላይ ልዩነቱ በዩቲኤም (ቦታን በዲግሪ ሳይሆን በሜትር በሚቆጥረው ዘዴ) ወደ ምሥራቅ 93 ሜትር ገደማ፣ ወደ ሰሜን 206 ሜትር ገደማ ነው፤ ትልቁ ቁጥር የደብሊው ጂ ኤስ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ በሰያፍ 225 ሜትር ያህል ይሆናሉ። የአዲንዳንን ቁጥር በደብሊው ጂ ኤስ ለተቀመጠ መሣሪያ ከሰጡት ከእውነተኛው ቦታ ደቡብ ምዕራብ ወስዶ ይተክልዎታል። ምንጩን በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያገኙት ለዚህ ነው።

ስክሪኑ ላይ ያለው 4 ሜትርም አልዋሸዎትም። ያ ቁጥር መሣሪያው ሳተላይቶቹን አይቶ የራሱን ቦታ ምን ያህል እንዳወቀ የሚገምትበት ብቻ ነው። እርስዎ ያስገቡት ነጥብ ከየትኛው ዳተም እንደተቀዳ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ቅንብሩን ለማስተካከል ከዋናው ሜኑ ሴትአፕ፣ ከዚያ ፖዚሽን ፎርማት ይግቡ። ፎርማቱን ዩቲኤም ዩፒኤስ ያድርጉት፤ ማፕ ዳተም የሚለውን ከፍተው ከዝርዝሩ አዲንዳንን ይምረጡ፤ ከሥሩ ማፕ ስፌሮይድ (የምድር ቅርጽ) የሚለው ክላርክ 1880 ማለቱን አይተው ያረጋግጡ። መሣሪያው የሚጠቀምበት መቀየሪያ ለኢትዮጵያ ብቻ ከተሰላው በጥቂት ሜትር ሊለይ ይችላል፤ ለእግር ጉዞ ግን ይህ ምንም አይደለም። የካርታው ግርጌ ላይ ዳተሙ፣ ስፌሮይዱና ፕሮጀክሽኑ ተጽፈዋልና ሁልጊዜ መጀመሪያ እዚያ ይመልከቱ፤ አዳዲስ ካርታ ሁሉ አዲንዳን ነው ብለው አይነሱ።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ላይ ደረስን። ዳተሙን ቀየርኩ፣ ነጥቦቹ ግን አሁንም ያው ናቸው የሚል ሰው ብዙ ነው። መሣሪያው ነጥብን ውስጡ የሚያስቀምጠው ምንጊዜም በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው፤ ቅንብሩ የሚወስነው የሚያሳይዎትንና ከእርስዎ የሚቀበለውን ቁጥር ብቻ ነው። ቀድሞ በተሳሳተ ቅንብር የገባ ነጥብ ስለዚህ ዳተሙ ሲቀየር የሚታየው ቁጥሩ እንጂ ቦታው አይለወጥም፤ እዚያው የተሳሳተበት ይቆያል። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ከካርታው ያነበቧቸውን ነጥቦች በሙሉ ያጥፉና አዲንዳን ላይ ሆነው እንደገና ያስገቡ። በእግርዎ ቆመው ቦታው ላይ የመዘገቧቸውን ግን እንዳይነኩ፤ እነሱ ትክክል ናቸው።

ተቃራኒውም ይመጣል። ከስልክ ካርታ ወይም ከሳተላይት ምስል የተቀዳ ቁጥር ደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው፤ መሣሪያው አዲንዳን ላይ እያለ ያንን ካስገቡ ስህተቱ በዚያው መጠን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይገለበጣል። እኔ የምመክረው ለእያንዳንዱ ነጥብ ስም መጨረሻ ላይ ከየት እንደመጣ የሚያስታውስ ምልክት መጨመር ነው፤ ለስልኩ 84፣ ለካርታው 50 ቢሉ ይበቃል። ለጓደኛ በቴሌግራም ሲልኩም ቁጥሩን ብቻ አይላኩ፤ ዳተሙንና የዩቲኤም ዞኑን አብረው ይጻፉ።

ለመፈተሽ እንጦጦ መውጣት አያስፈልግም። መስቀል አደባባይ ሰማዩ ክፍት የሆነበት መሀል ቦታ ላይ ይቁሙ። መጀመሪያ መሣሪያውን በደብሊው ጂ ኤስ 84ና በዲግሪ አሥርዮሽ አድርገው ስልክዎ ካርታ ላይ ከሚያሳየው ቁጥር ጋር ያስተያዩ፤ ልዩነቱ ከአሥር ሜትር ብዙ መዝለል የለበትም፤ በዲግሪ አራተኛዋ አሥርዮሽ አሥራ አንድ ሜትር ያህል ናት። ቀጥሎ ወደ ዩቲኤም ይመልሱት፤ ምሥራቁ ወደ 473 ሺህ፣ ሰሜኑ ወደ 996 ሺህ ገደማ መሆን አለበት። ሳይንቀሳቀሱ ዳተሙን ብቻ ወደ አዲንዳን ይቀይሩ። የመጀመሪያው ቁጥር በ93 አካባቢ፣ ሁለተኛው በ206 አካባቢ ሲቀንስ በዓይንዎ ያያሉ። ይህን ያሳየ መሣሪያ ቅንብሩ ገብቶታል፤ እርስዎም ገብቶዎታል።

ዩቲኤም ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው የሚያደናግሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ከተማዋ በዩቲኤም ዞን 37 ፒ ውስጥ ናት፤ ፒ የሚለው ከ8 እስከ 16 ዲግሪ ሰሜን ያለው ቀበቶ ፊደል ነው። ብዙ ሰነድ ላይ ግን 37 ኤን ተብሎ ይጻፋል፤ እዚያ ኤን ማለት ከምድር ወገብ ሰሜን ማለት ብቻ ነው። መሣሪያው ላይ ኤን ከጻፉ ከ8 ዲግሪ በታች ያለው ቀበቶ ማለት ስለሚሆን ፒ ብለው ያስገቡ። ሁለተኛው፣ የሰሜኑ ቁጥር አንድ ሚሊዮን የሚሞላው ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው። ፒያሳና አራት ኪሎ 99 ብሎ የሚጀምር ባለ ስድስት አሃዝ ሲሆን ሽሮ ሜዳና እንጦጦ ባለ ሰባት አሃዝ ይሆናል። መሣሪያው ሁልጊዜ ሰባት አሃዝ ስለሚጠይቅ ለመሀል ከተማ ነጥብ ፊት ላይ ዜሮ ይጨምሩ። ያንን ዜሮ መጨረሻ ላይ የጨመረ ሰው ነጥቡ ከአገር ወጥቶ ያገኘዋል።

በዲግሪ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ደቂቃና አሥርዮሽ አይቀላቅሉ። 9 ዲግሪ ከ01 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ማለት 9.025 ነው። 9.0130 ብለው ካስገቡት ከ1.3 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ይሄዳሉ። ስህተቱ ከመቶ ሜትሮች አልፎ በኪሎ ሜትር ሲሆን መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

ከካርታ የሚነበብ ነጥብ የራሱ ወሰን እንዳለውም ይወቁ። በ1:50,000 ላይ አንድ ሚሊ ሜትር 50 ሜትር ነው። በደህና ማስመሪያ ተጠንቅቀው ቢያነቡ እንኳ ግማሽ ሚሊ ሜትር መሳት አይቀርም፤ ያ 25 ሜትር ነው። ስለዚህ ሁሉ ነገር ተስተካክሎም ምንጩ በ20 ወይም በ30 ሜትር ውስጥ ከተገኘ ሥራው ተሠርቷል። እዚያው ከደረሱ በኋላ ነጥቡን በቦታው ቆመው እንደገና ይመዝግቡት፤ የካርታውን ከዚያ በኋላ አይፈልጉትም። ለዘለቄታው የሚፈልጉት ቦታ ከሆነ ሜኑው ውስጥ ዌይፖይንት አቬሬጂንግ የሚባል፣ የአንድን ነጥብ ብዙ ልኬቶች አማካይ የሚያወጣ አለ። ከአራት እስከ ስምንት ጊዜ ናሙና ይውሰዱ፣ በናሙናዎቹ መካከልም ቢያንስ 90 ደቂቃ ይቆዩ፤ በተለያየ ቅዳሜ ቢሆንም ያስኬዳል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደጋግሞ መውሰድ ሳተላይቶቹ ቦታቸውን ስላልቀየሩ ያንኑ ስህተት መድገም ነው።

ወደ ሰንጋ ተራ እንምጣ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻውን 209 ሜትር ይረዝማል፤ በዙሪያውም የሌሎቹ ባንኮች መስታወት ለበስ ፎቆች ቆመዋል። ከሳተላይት የመጣው ሲግናል በቀጥታ ሳይሆን ከመስታወት ላይ ነጥሮ ሲደርስ ረዘም ያለ መንገድ ተጉዟል። መሣሪያው ርቀትን የሚለካው በጊዜ ነው፤ የመቶ ናኖ ሰከንድ መዘግየት 30 ሜትር ትርፍ ርቀት ሆኖ ይቆጠራል። ከዚያ ነጥቡ መንገድ ይሻገራል። ይህንን ምንም ቅንብር ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የሚያግዘው ሲስተም ውስጥ ገብቶ ሳተላይቱን ጂፒኤስ ሲደመር ግሎናስ (የሩሲያ ሳተላይቶች) ማድረግ ነው፤ የሚታየው ሳተላይት ሲበዛ የነጠረው ሲግናል ጉልበት ይቀንሳል። ከዚህ በላይ የሚጠቅመው ግን መሣሪያውን ፎቆች መካከል አለመክፈት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሽሮ ሜዳ ደርሰው፣ ሰማይ የሚታይበት ቦታ ቆመው ይክፈቱት። ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የነበረ ወይም ከውጭ አገር የመጣ መሣሪያ ከሆነ የመጀመሪያውን ቀን ሃያ ደቂቃ ያህል ክፍት ቦታ ላይ ሳያንቀሳቅሱ ይተዉት። የሳተላይቶቹ ሙሉ ማውጫ ከሰማይ ለመውረድ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል፤ መሀል ላይ ከተቋረጠ የጎደለውን መጠበቅ ይኖርብዎታል።

የባሕር ዛፉ ጫካ ውስጥም፣ በተለይ ክረምት ቅጠሉ ሲረጥብ፣ ሲግናሉ ይደክማል። ትራክዎ (መሣሪያው የሚመዘግበው የሄዱበት መስመር) እዚያ ቢንቀጠቀጥ አይደንግጡ፤ መሣሪያውን ኪስ ውስጥ ከሰውነትዎ ጋር ከማጣበቅ ይልቅ ቦርሳዎ ማንገቻ ላይ፣ ትከሻዎ አካባቢ ያንጠልጥሉት።

አንድ ነገር ደግሞ ኢትሬክስ 20 ራሱን የቻለ ኮምፓስ የለውም። አቅጣጫ የሚያውቀው ሲራመዱ ብቻ ነው። ቆመው እየዞሩ ቀስቱን ከተከተሉ ያሳስትዎታል፤ ሃያ ሠላሳ እርምጃ ቀጥ ብለው ይሂዱና ከዚያ ይመኑት። ባሮሜትርም ስለሌለው ከፍታ የሚያወጣው ከሳተላይት ነው። ከፍታ ላይ የሚሳሳተው አግድም ከሚሳሳተው ሁለት እጥፍ ቢሆን አይግረምዎ።

ባትሪውን በተመለከተ፣ ይህ መሣሪያ በሁለት ዶብል ኤ (AA) ባትሪ ድንጋይ እስከ 25 ሰዓት እንዲሠራ ታስቦ ነው የወጣው። በየሱቁ የሚሸጠው ርካሹ የካርቦን ድንጋይ ግን ጥቂት ሰዓት ሠርቶ ይወድቃል፤ ኃይሉ ለዚህ ሥራ አይበቃም። አልካላይን ይግዙ፤ ከዚያ የሚሻለው ግን 2,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት (mAh) አካባቢ የሆነ ቻርጅ የሚደረግ ኒኬል ድንጋይ ሁለት ጥንድ መያዝ ነው። ሲስተም ውስጥ ባትሪ ታይፕ የሚለውን ካስገቡት ድንጋይ ጋር ያስማሙ፤ ካላስማሙት ሙሉውን ባትሪ ሊያልቅ ነው ይልዎታል፣ ወይም ሳያስጠነቅቅ ይጠፋል። እዚያው ሜኑ ላይ ዋስ ኢግኖስ የሚለውን (ተጨማሪ የቦታ ማረሚያ የሚቀበልበትን) ያጥፉት፤ ማረሚያው ለሰሜን አሜሪካና ለአውሮፓ የተሰላ ስለሆነ እኛ ጋ ባትሪ ከመብላት ሌላ አይፈይድም። የስክሪን መብራቱን ቀን ላይ ወደ ዜሮ ያውርዱት፤ ይህ ስክሪን ፀሐይ ላይ ያለ መብራት ይነበባል። ድንጋይ ሲቀይሩ የክዳኑን ላስቲክ በጨርቅ ይጥረጉ። እዚያ የተቀመጠች አንዲት የአሸዋ ፍሬ የሐምሌን ዝናብ ታስገባለች።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ማየት ከፈለጉ የሰዓት ቀጠናውን በእጅ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሲቀነስ፣ ፎርማቱን ባለ 12 ሰዓት ያድርጉት። ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን 2፡00 ይላል፤ ቀኑም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይለወጣል። የትራክ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው ምንጊዜም ዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ መዝገብዎ አይበላሽም።

ጥያቄዎ ውስጥ ባይኖርም፣ ጂፒኤስ የያዘ ሰው ጎረቤት መጥቶ የይዞታዬን ድንበር ለካልኝ ማለቱ ስለማይቀር ይህን ልጨምር። አይለኩ። ሁለት መቶ ካሬ ቦታ ማለት 10 በ20 ሜትር ነው፤ በእያንዳንዱ ማዕዘን 4 ሜትር የሚስት መሣሪያ ግማሽ ግቢ ከአንዱ ለሌላው ሊሰጥ ይችላል። ለዚያ ሥራ ቶታል ስቴሽን ወይም ዲፈረንሺያል ጂፒኤስ ያለው ቀያሽ ይጠሩ።