ስምንት ቀን ያልሰጠሁት ልጅ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ «መጠየቅ እምነቴን ያጎድልብኛል?» ብላ ጻፈችልኝ። አያጎድልም ብዬ መለስኩላት። ጥያቄዋ ግን ሌላ ሰው አስታወሰኝና ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ።

ፊዚክስ ማስተማር በጀመርኩበት ዘመን እሑድ እሑድ ለወጣቶች መጽሐፍ ቅዱስ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ትምህርቱ ሲያልቅ አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ደብተሩን ይዞ ጠጋ አለኝ። ገጹን በማስመሪያ አራት ቦታ ከፍሎ፣ አናቱ ላይ የወንጌላውያኑን ስም ጽፎ፣ በትንሣኤ ማለዳ ወደ መቃብሩ የሄዱትን ሴቶች ዘርዝሯል። ማቴዎስ ሁለት፣ ማርቆስ ሦስት፣ ሉቃስ ከዚያ የሚበዙ፣ ዮሐንስ መግደላዊት ማርያምን ብቻ። ከሥሩ ሌሎች ጥያቄዎች በቁጥር ተደርድረዋል። «መምህር፣ ትክክሉ የትኛው ነው?» አለኝ። ሊከራከረኝ አልመጣም፤ ማወቅ ፈልጎ ነበር።

መልሱን አላውቀውም። አላውቅም ማለት ደግሞ አልሆነልኝም። «እንዲህ ያለውን ሐሳብ የሚያመጣ ጠላት ነው፤ ዝም ብለህ እመን» አልኩት። ደብተሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አላየሁትም። ክፍል ውስጥ ተማሪ «ይህ ቀመር ከየት መጣ?» ሲለኝ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ። ለዚያ ልጅ ግን አለማወቄን እምነት ብዬ አለበስኩት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ዮሐንስ ምዕራፍ 20ን ሳነብ አንድ ቃል ያዘኝ። ማርያም ሮጣ መጥታ ለጴጥሮስ ስትነግረው «ወዴትም እንዳኖሩት አናውቅም» ነው ያለችው። አላውቅም አላለችም። ዮሐንስ የእሷን ስም ብቻ ይጥራ እንጂ ሌሎችም አብረዋት እንደነበሩ ቃሉ ራሱ ይጠቁማል። የልጁን ጥያቄ ሁሉ አይፈታም፤ ቢሆንም አብረን ብናነበው ኖሮ እናገኘው ነበር። እዚያው ምዕራፍ ላይ ቶማስ ካላየሁ አላምንም ካለ ከስምንት ቀን በኋላ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ያላመነውን ሰው ከመካከላቸው አላስወጡትም።

የዛሬ ወጣቶች በግልጽ መጠየቃችሁ ደስ ይለኛል። የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ አይታችሁ ነገሩን የጨረሳችሁት ሲመስላችሁ ግን አዝናለሁ፤ ለማመንም ለመካድም ትቸኩላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1927 ጽንፈ ዓለም እየሰፋ መሆኑን በቀመር ያሳየው ዦርዥ ለሜትር የካቶሊክ ቄስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ ግኝቱን ለፍጥረት ማስረጃ አድርገው ሲያነሡት አልወደደውም። እምነቱን የሚወድ ሰው ለእምነቱ የቀረበን ማስረጃ እንዲህ ሲጠነቀቅ ማየት እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ይህን ሁሉ የምለው እኔ፣ ባለቤቴ ባረፈች ጊዜ አንድም ማስረጃ አልፈለግሁም። ያነበብኩት ሁሉ ጥሎኝ ሄደ። የቀረኝ ማርቆስ 9 ላይ ልጁ እንዲፈወስለት ኢየሱስን የለመነው የዚያ አባት ጩኸት ብቻ ነበር፤ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው»። ከማሰብ በፊት የሚያዝ ነገር አለ ማለት ነው? ይመስለኛል። ታዲያ ለልጁ «ዝም ብለህ እመን» ማለቴ ለምን ስህተት ሆነ? ሁለቱን ለማስታረቅ ዛሬም እሞክራለሁ። አንድ ልዩነት አያለሁ፤ አባትየው ሲጮኽ ዝም በል ያለው አልነበረም።

ከዚያ ደብተር ያነበብኩት የመጀመሪያውን ጥያቄ ነው። የቀሩት ምን እንደነበሩ እስከ ዛሬ አላውቅም።