መልስ፦ የመከላከያ ሴሎች ወደ አንጎል መግባታቸው ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

አንጎል በቫይረስ ሲጠቃ ነጭ የደም ሴሎች ወደ ውስጥ መግባታቸው ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ብለው ለጠየቁት፣ መልሱ እንደ ቫይረሱ ይለያያል። በ1937 በኡጋንዳ ከአንዲት ታማሚ ደም የተለየው የዌስት ናይል ቫይረስ ወደ አንጎል ሲዘልቅ፣ የተጠቁት የነርቭ ሴሎች ራሳቸው ሲኤክስሲኤል10 የተባለ ፕሮቲን ያመነጫሉ፤ በደም ውስጥ የሚዘዋወሩት ቲ ሴሎች የተባሉ ነጭ የደም ሴሎችም ይህን ጥሪ ተከትለው፣ በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ከተጣበቁ በኋላ ሾልከው ይገባሉ። ይህ ፕሮቲን በሌላቸው አይጦች አንጎል ውስጥ ቫይረሱ ይበልጥ ይራባል፤ የሚሞቱትም ይበረክታሉ።

ኤልሲኤምቪ የተባለው የአይጥ ቫይረስ ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። ቫይረሱ ራሱ ሴሎችን እምብዛም አይገድልም፤ ሆኖም በቀጥታ ወደ አንጎላቸው የተወጉ አይጦች በ1 ሳምንት ገደማ ሲሞቱ፣ ቲ ሴል የሌላቸው ይተርፋሉ። ገዳዩ እንግዲህ የሰውነት የራሱ ምላሽ ነው።

ይህን አይቶ ሴሎቹን ማገድ ይሻላል ለማለት መቸኮል በእኔ አስተያየት አይገባም፤ የመከላከያ ሴሎች የራስን ነርቮች ሽፋን ለሚያጠቁበት መልቲፕል ስክለሮሲስ ለተባለ በሽታ የሚሰጠው ናታሊዙማብ የተባለ መድኃኒት የሴሎቹን መግቢያ ስለሚዘጋ፣ በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ ጄሲ ቫይረስ አንጎልን እንዲያጠቃ መንገድ ከፍቷል።