ሦስት ቀንድ ያወጣው ኮከብ

አንድ የአዳማ የፊዚክስ መምህር፣ የትምህርት ቤታቸው ባለ 20 ሴንቲ ሜትር መስታወት ቴሌስኮፕ ደማቅ ኮከቦችን በነጥብ ፋንታ ሦስት ማዕዘን አድርጎ እንደሚያሳይና ሁለት ጊዜ «ተስተካክሎ» እንዳልተለወጠ ጽፈውልኛል።

መምህር፣ «ሦስት ማዕዘን» የሚለውን እንዳነበብሁ የጠረጠርሁት ዋናውን መስታወት የያዙትን ሦስት ቆንጣጮች ነው፤ ከልክ በላይ ጠብቀዋል። መስታወቱ አቅጣጫ ስቶ ቢሆን ኮከቡ ጭራ ያወጣ ነበር እንጂ ሦስት ቀንድ አያበቅልም። ምስሉን የሚያጠራውን ማስተካከያ ኮከቡ ከጠራበት ቦታ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ወደ ውጭ ያዙሩት፤ ሦስት ማዕዘኑ ከተገለበጠ ጥርጣሬዬ ልክ ነው።

ብርጭቆ ለጣት ድንጋይ ቢመስልም ለብርሃን ግን ሊጥ ነው። በቺሊ፣ በፓራናል ተራራ ላይ ያሉት የአራቱ ታላላቅ ቴሌስኮፖች ዋና መስታወቶች እያንዳንዳቸው 8.2 ሜትር ስፋት ሲኖራቸው ውፍረታቸው 17.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከ20 ቶን በላይ የሚመዝነው ይህ ብርጭቆ በራሱ ክብደት ስለሚጎብጥ 150 ድጋፎች ከሥሩ እየገፉ ቅርጹን ሌሊቱን ሙሉ ያቃኑለታል። ያን የሚያህል መስታወት እንዲህ በእንክብካቤ ሲያዝ፣ የእርስዎን ደግሞ አንድ ሰው እንደ መኪና ጎማ አጥብቆታል።

ሥራውን ቤት ውስጥ ይሥሩ። የወጣ መስታወት ፀሐይ ካገኘው ልብስም ዓይንም ያቃጥላል። ቱቦውን ጠረጴዛ ላይ ያጋድሙት፤ ከቆመ የሚያመልጥዎ ካቻቢቴ መስታወቱ ላይ ነው የሚያርፈው። የኋላውን ብሎኖች ፈትተው መስታወቱን ከነመያዣው ያውጡና ቆንጣጮቹን ያላሉ፤ በእያንዳንዱና በመስታወቱ መካከል የደብተር ወረቀት ያለ ትግል ማለፍ አለበት። በርካሽ ዕቃ ላይ ቆንጣጩ ላስቲክ የሌለው ስስ ቆርቆሮ፣ የብሎኑም አናት በመጀመሪያው ዙር የሚበላ ነውና ሁለቱንም ቢቀይሩ ይሻላል። አምና እጄ የገባ አንድ ቴሌስኮፕ ቆንጣጮቹ በሱፐር ግሉ ተጣብቀው፣ የመስታወቱም አሉሚኒየም ቅብ በጨርቅ ታሽቶ እንደ አሮጌ ድስት ተቧጭሮ ነበር። እርስዎ አቧራውን ይተዉት፤ የሚጎዳው መጠረጉ ነው።

ከገጠሙ በኋላ አቅጣጫውን እንደገና ያስተካክሉ፤ በአዳማ ሙቀት የዋለ ብርጭቆ እስኪቀዘቅዝ ድረስም ቢያንስ አንድ ሰዓት ውጭ ያቆዩት። ዓይን በሚጠጋበት ሌንስ ላይ የምትገጠም ትንሽ ጥቁር የፀሐይ መከላከያ ከዕቃው ጋር መጥታ ከሆነ ዛሬውኑ ይጣሏት፤ በሙቀት ትሰነጠቃለች። ደግሜ እላለሁ፤ የቱቦው አፍ በትክክለኛ መከላከያ ሳይሸፈን ተማሪ ወደ ፀሐይ እንዳያዞረው።