«የመከላከያ ልብስ» ወይስ «መከላከያ ልብስ»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። እ.ኤ.አ. በ1991 ስለተካሄደው የባሕረ ሰላጤ ጦርነት የሚያወራ ዘጋቢ ፊልም ወደ አማርኛ እየተረጎምኩ ነው። የአሜሪካ ወታደሮች ሳውዲ በረሃ ላይ ከኬሚካልና ከባዮሎጂካል ጦር መሣሪያ የሚጠብቃቸውን ልብስ ለብሰው ይታያሉ። እኔ «የመከላከያ ልብስ» አልኩት። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ፀረ ኬሚካል ልብስ» በይው ይላል። አለቃችን ደግሞ «የጋዝ ልብስ» ካልሽ ይበቃል ብለዋል። የትኛው ይሻላል? ጭንብሉንስ «ለበሱ» ማለት ይቻላል?

መልስ፦ ከሦስቱ ያንቺው ይቀርባል። ችግሩ «የ» ያለቦታዋ መግባቷ ነው። እኛ አገር «መከላከያ» ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ሠራዊቱን ነው። «ልጁ መከላከያ ገባ» እንላለን። ስለዚህ «የመከላከያ ልብስ» ስትዪ ተመልካቹ የሚሰማው የሠራዊቱን ዩኒፎርም ነው፤ ፊልሙ ላይ የሚታየውም ወታደር ስለሆነ የተሳሳተው ግምቱ ይጸናል እንጂ አይታረምም። «የ»ን ልብሱ ወደሚከላከለው ነገር ውሰጂያት፦ «የኬሚካል ጦር መሣሪያ መከላከያ ልብስ»። ረጅም ነው። መጀመሪያ ላይ አንዴ ሙሉውን በይና ከዚያ «መከላከያ ልብሱ» እያልሽ ቀጥዪ። «ጦር መሣሪያ» የሚለውን ግን አትዝለዪው። ለገበሬው ኬሚካል ማለት ማሳ ላይ የሚረጨው ነው፤ የሚረጨውም ሰው መከላከያ ልብስ አለው።

«ፀረ ኬሚካል» አይጥመኝም። ፀር በግዕዝ ጠላት ነው። ፀረ ተባይ ተባዩን ይገድላል፣ ፀረ ታንክ ታንኩን ያወድማል። ይሄ ልብስ ግን መርዙን አያጠፋም። በዚያ ጦርነት የአሜሪካ ወታደሮች የለበሱት ልብስ በውስጥ በኩል ከሰል የያዘ ገበር ነበረው። በልዩ መንገድ የተዘጋጀ ከሰል ነው፤ የመርዙን ትነት በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ይይዝና ገላ ላይ እንዳይደርስ ያደርጋል፣ አየርና ላብ ግን በመጠኑ ያሳልፋል። መርዙ እዚያው ልብሱ ላይ ይቀራል። የተበከለ ልብስ ሲወልቅ ውጪው ገላን እንዳይነካ ያን ያህል ጥንቃቄ የሚደረገውም ለዚህ ነው። ጥቃቱን አግዶ ማስቀረት «ተከላከለ» ነው፣ ሌላ ቃል መፈለግ አያስፈልግም።

«የጋዝ ልብስ» የሚለውን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ጋዝ ለብዙ ሰው ላምባ ወይም የማብሰያው ሲሊንደር መሆኑ አንድ ነገር ነው። ትልቁ ምክንያት ሌላ ነው። መርዙ በትንፋሽ ብቻ የሚገባ ቢሆን ኖሮ ጭንብል በቂ በሆነ ነበር፤ ልብሱ ያስፈለገው መርዙ በቆዳም ስለሚገባ ነው። ሰናፍጭ ጋዝ ወይም ኢፕሪት የሚባለውን ውሰጂ። ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ ቅባት መሰል ፈሳሽ ነው። ቆዳ ሲነካ ወዲያው ላይሰማ ይችላል፣ ከሰዓታት በኋላ ግን ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራል። ይሄን ከኛ በላይ ሊያውቅ የሚገባው ማን ነው? ፋሽስት ኢጣሊያ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ ያዘነበችው ይሄንኑ ነው፤ በመርዝ ጋዝ መዋጋትን የሚከለክለውን፣ እ.ኤ.አ. የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል የፈረመች አገር ሆና። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ቆመው በአማርኛ ሲናገሩ፣ አውሮፕላኖቹ መርዙን እንደ ቀጭን ዝናብ ይረጩት እንደነበር ለዓለም አስረድተዋል። ባዶ እግሩን የተበከለ ሣር የረገጠን ወታደር ጭንብል ብቻ አያድነውም ነበር። «ጋዝ» የሚለው ቃል ይሄን ሁሉ ይደብቃል፤ ስለዚህ ለአለቃሽ በአክብሮት አስረጂያቸው።

ወደ ግሱ ስመጣ፣ «ጭንብል ለበሰ» አይባልም። ልብስ ይለበሳል፣ ጫማ ይጫሙታል፣ ጓንትና ጭንብል ይጠለቃሉ። የአሜሪካ ጦር ዝግጁነቱን በደረጃ ይከፍለዋል። አራተኛው ደረጃ ላይ ልብሱም፣ የጫማው ሽፋንም፣ ጭንብሉም፣ ጓንቱም አንድ ላይ ናቸው። እንዲህ ሲሆን ሁሉንም ግስ መደርደር አይጠበቅብሽም፤ «ሁሉንም አደረጉ» ብትዪ ያስኬዳል፣ «አደረገ» ለሁሉም ይሆናል። «ማስክ» ብቻ ብለሽ ግን አትለፊ፤ ከኮሮና ወዲህ ማስክ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛው ሆኗል። «መርዝ መከላከያ ጭንብል» በይው።

ከሥር የሚሄደው ጽሑፍ ቦታ ካጠረው ልብሱንም «መርዝ መከላከያ ልብስ» ማለት ትችያለሽ። አጭር ነው፣ ፈሳሹንም ትነቱንም ይይዛል። ስለ አንትራክስና ስለ መሳሰሉት የሚወራበት ክፍል ላይ ግን አይሠራም፣ አንትራክስ (አባ ሰንጋ) የሚመጣው በተህዋሲ ነውና። እዚያ ጋ «የባዮሎጂካል ጦር መሣሪያ መከላከያ» ብለሽ ሙሉውን ጻፊ። ጭንብሉንም ከልብሱ ለይተሽ ጥሪው፤ እንዲህ ያለ ተህዋሲ በጦር መሣሪያነት ሲበተን ዋናው የሚፈራው በትንፋሽ መግባቱ ነው።