ሾፌሩ በገደብ፣ የሞባይል ሌባው እስር ቤት?

ልጆቼ፣

ሰው የገጨ ሾፌር በገደብ ሲለቀቅ፣ ሞባይል የመነተፈ ልጅ ደግሞ ወህኒ ሲወርድ ስታዩ ደማችሁ ይፈላል። «ይሄም ፍርድ ሆኖ!» ትሉኛላችሁ። ብዙ ዓመት የትራፊክ ክስ ይዤ ችሎት የቆምኩ ጠበቃ ነኝ፤ አንዳንዴ ለሾፌር፣ አንዳንዴ ለሟች ቤተሰብ። ቁጣችሁ ቦታውን እንዳይስት የማውቀውን ልንገራችሁ።

ሌባው አስቦበት ነው የሰረቀው። ሾፌሩ ግን ማንንም ልግደል ብሎ ከቤቱ አልወጣም። የወንጀል ሕጋችን ቸልተኝነትን ከሐሳብ አሳንሶ ነው የሚቀጣው። ይሄ ለሟች እናት አይዋጥላትም። እንዲዋጥላትም አልጠብቅም።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 አውጥታችሁ አንብቡት። ሾፌር በቸልተኝነት ሰው ሲገድል፣ በንዑስ አንቀጽ 2 ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ነው። ወደ ንዑስ አንቀጽ 3 ከተሻገረ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል። የሚያሻግረው የሟቾቹ ቁጥር 2 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑ ነው፤ ወይም ሾፌሩ መጠጣቱ፤ ወይም ደግሞ ግልጽ ደንብን ሆን ብሎ መጣሱ። ጣጣው ይሄ የመጨረሻው ላይ ነው። እስቲ ደንብ ሳይጣስ የደረሰ ስንት አደጋ ታውቃላችሁ? ፍጥነት አለ፣ ርቀት አለመጠበቅ አለ፣ ዜብራ ላይ ቅድሚያ መከልከል አለ። ስለዚህ አንዱ ዐቃቤ ሕግ በ2 የሚከሰውን ጉዳይ ሌላው በ3 ሊያመጣው ይችላል። ሾፌሩ እያወቀ ጣሰ ወይስ ተዘናጋ? ዓመታቱ የሚቆጠሩት በዚህ መልስ ነው።

ዳኞችም ለተመሳሳይ ጥፋት የተራራቀ ቅጣት ይሰጡ ነበር። ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ያወጣው፣ በ2006 ያሻሻለው ለዚህ ነው። መመሪያው ረድቷል ባይ ነኝ።

አሁን ወደሚከነክነኝ ልምጣ። የተጸጸተ፣ ተጎጂውን የረዳ፣ የካሰ ሰው ቅጣት እንዲቀልለት የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ይፈቅዳል። እሰየው የሚያስብል ድንጋጌ ነው። ችሎት ላይ ግን እንዲህ ሆኖ ይመጣል፦ ሾፌሩ የትልቅ ድርጅት ከሆነ ባለንብረቱ ሽማግሌ ይልካል፣ የቀብሩን ወጪ ይሸፍናል፣ ካሳ ይከፍላል። የእርቅ ሰነዱ ግርጌ የሟች አባት የጣት አሻራ፣ ከጎኑ የሽማግሌዎቹ ፊርማ ይታያል። የባጃጅ ሾፌሩ የያዘው ደግሞ ወረዳው የጻፈለትን የድህነት ማስረጃ ነው። ሁለቱም እኩል አልቅሰው ይሆናል። መዝገቡ ውስጥ የሚገባው ግን የአንዱ ጸጸት ብቻ ነው። «ለሀብታም ይቀላል» የምትሉት ሐሜት እዚህ ጋ እውነትነት አለው። ብትጮኹም እዚህ ላይ ጩኹ።

መንጃ ፈቃድ የያዛችሁ፣ ሰው ከገጫችሁ አትሽሹ። «ሰፈርተኛው ይደበድበኛል» የሚለው ፍርሃት ይገባኛል፤ ያ ከመጣ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ሂዱና እጅ ስጡ። የጎዱትን ሰው ጥሎ መሄድ በአንቀጽ 575 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ተጎጂውን ሐኪም ቤት ስታደርሱ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ። ጥፋተኛ ከተባላችሁ በኋላ ዳኛው የቅጣት አስተያየት ይጠይቃል። ብዙው ልጅ እዚያ ላይ «ይቅርታ ይደረግልኝ» ይልና ዝም። በቃ፣ አለቀ! ከዚህ በፊት ተከሳችሁ እንደማታውቁ፣ ማንን እንደምታስተዳድሩ፣ ተጎጂውን እንዴት እንደረዳችሁ ተናገሩ እንጂ፤ ማስረጃውንም አያይዙ። ጠበቃ መግዛት ካልቻላችሁ መንግሥት እንዲያቆምላችሁ ጠይቁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ አለ።

ከሟች ቤተሰብ ጋር የምትቆሙ ደግሞ፣ የእስሩ ክርክር የዐቃቤ ሕግ ነው። ቅጣቱ አነሰ ካላችሁ ይግባኝ እንዲል እሱን ወጥራችሁ ያዙት። ካሳው ግን የእናንተ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 ባለመኪናው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ይጠየቃል። ይግባኝ የሚል ሁሉ ቀኑን ይቁጠር፦ በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 187 መሠረት ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ማስታወቅ፣ ግልባጩ በደረሰ በ30 ቀን ደግሞ ማመልከቻውን ማስገባት ያስፈልጋል። ፌስቡክ ላይ ሲሟገት ቀኑ ያለፈበት ስንቱን አይቻለሁ።