ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም፤ አልበም ላውጣ?

ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ሙዚቃ ተመልሰው ብቻቸውን አልበም ለመሥራት ያሰቡ አንባቢዎች ጥያቄ ልከውልኛል። ዛሬ አራቱን እመልሳለሁ።

«58 ዓመቴ ነው። ከ30 ዓመት በኋላ መዝፈን ስጀምር ከፍ ያለው ድምፅ እምቢ አለኝ። በልምምድ ይመለሳል?»

ጥቂቱ ይመለሳል፤ ሁሉም ግን አይመለስም። ዕድሜ ሲገፋ የድምፅ አውታሮች ይሳሳሉ፣ ትንፋሽም ያጥራል። የሴቶች ድምፅ ብዙ ጊዜ ይወፍራል፤ የወንዶቹ ደግሞ ትንሽ ሊቀጥን ይችላል። ስለዚህ ከድሮው ካሴትዎ ጋር እልህ አይጋቡ። ዘፈኑን ያለ መሣሪያ፣ ለራስዎ እንደሚያንጎራጉሩ ሆነው ይዝፈኑት። ከዚያ ድምፅዎ ያረፈበትን ቦታ ኪቦርድ ላይ ይፈልጉት። ኪዩ (ዘፈኑ የሚዘፈንበት የድምፅ ከፍታ) ሁለት ሦስት ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም ኪቦርዱ ላይ ነጩም ጥቁሩም ተቆጥሮ ሁለት ሦስት ቁልፍ፣ ዝቅ ቢል ምንም አይደለም። እኔ እንዲያውም ዝቅ ብሎ የተዘፈነውን እወዳለሁ፤ ግጥሙ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ለማሟሟቂያ፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ስትሮ ይክተቱና «ኡ» እያሉ ይንፉበት። ውሃው ሳይቆራረጥ ቡልቅ ቡልቅ ካለ ትንፋሽዎ እኩል እየወጣ ነው። በቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል። ድምፅዎ ሻክሮ ከአራት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን ልምምዱን ትተው የጉሮሮ ሐኪም ያማክሩ።

«ድሮ በባንድ የሠራናቸውን ዘፈኖች እንደገና ብቀርጽ ፈቃድ ያስፈልገኛል?»

አዎ። ዘፈኑን የዘፈኑት እርስዎ ቢሆኑም ግጥሙም ዜማውም ባለቤት አላቸው። በብዙ አገሮች መብቱ ደራሲው ካረፈ በኋላ 50 ወይም 70 ዓመት ይቆያል፤ ስለዚህ ወራሾችን መጠየቅ ሊኖርብዎ ይችላል። የድሮ ጓደኛ ቢሆንም በጽሑፍ ይሁን።

«ባንድ ውስጥ አልፈራም ነበር። ስቱዲዮ ብቻዬን ስገባ ግን ድርቅ እላለሁ።»

ይህ የብዙ ሰው ችግር ነው፤ እኔም አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ቀን ሄድፎኑን ሳደርግ የራሴ ትንፋሽ እንኳ ጎልቶ ተሰማኝ፣ ዘፈኑ ጠፋብኝ። ባንድ ውስጥ ከበሮው ይሸፍነናል፣ ጓደኛ ዓይን ዓይናችንን ያያል። ብቻችንን ስንሆን መሸሸጊያ የለም።

የጠቀመኝን ልንገርዎ። አንዱን ጆሮ ከሄድፎኑ አወጣሁ። የራሴን ድምፅ በክፍሉ አየር ውስጥ ስሰማ ዜማውን መያዝ ቀለለኝ። ከማይኩ አንድ ስንዝር ያህል ራቅኩ። እየቆራረጥኩ ከማረም ይልቅ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ ዘፍኜ አበቃሁ። የትኛው እንደሚሻል የመረጥኩት በማግስቱ ነው፤ የደከመ ጆሮ ጥሩውንም ይጥላል። ከስቱዲዮ በፊት ደግሞ ሙሉ አልበሙን ቤት ውስጥ በስልክ ይቅረጹ። ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን ከፍተው ፊት ለፊቱ ቢቆሙ ልብሱ ማስተጋባቱን ይውጠዋል። ስቱዲዮ የሚገቡት ዘፈኑን ለመፈለግ ሳይሆን ለመቅረጽ መሆን አለበት።

«ለመሆኑ አሁን ማን ይሰማኛል? አልረፈደም?»

የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነድቷል። ደንበኛ እስኪመጣ ኪቦርዱን ከመኪናው የዕቃ መጫኛ አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ይለማመድ ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. የሠራው ሥራ በ2013 እንደገና ታተመ። በ2018 ደግሞ ሰባን ካለፈ በኋላ አዲስ አልበም አወጣ። እኔን የሚገርመኝ አልበሙ ብቻ አይደለም፤ ማንም በማይሰማበት በዚያ ወንበር ላይ ጣቶቹን አለማሳረፉ ነው።

ስንት ሰው እንደሚሰማዎ ቃል ልገባልዎ አልችልም። ግን እስከ መጪው ሳምንት አንድ ዘፈን፣ አንዱን ብቻ፣ በስልክዎ ይቅረጹና ለሚያምኑት አንድ ሰው ያሰሙ። ሲያዳምጥ እርስዎ ግጥሙን ያንብቡ እንጂ ፊቱን አይዩ።