ቻይናን በአሥራ ሁለት ቀን፦ ለባልና ሚስት የሚበቃው ስንት ከተማ ነው?

ጥያቄ፦ ባለቤቴና እኔ የተጋባንበትን ሃያኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በጥቅምት ወር ለአሥራ ሁለት ቀናት ቻይናን ለመጎብኘት አስበናል። እርሱ ቤጂንግን፣ ሺያንን፣ ቼንግዱን፣ ሻንጋይንና ጓንግጆን በአንድ ጉዞ ማየት ይፈልጋል፤ ይህን ያህል ገንዘብ ከፍለን ሄደን ግማሹን ሳናይ መመለስ የለብንም ባይ ነው። እኔ ደግሞ ጉልበቴን ያመኛል፤ ታላቁ ግንብ ደረጃው ብዙ ነው ሲባል ስለሰማሁ ፈርቻለሁ። በዚያ ላይ ጾመኛ ነኝ። ከሁለታችን የማን ሐሳብ ይሻላል? (አንዲት አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በባልና ሚስት መካከል መግባት ደግ ባይሆንም በዚህ ጉዳይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው በተዛወራችሁ ቁጥር ሻንጣ ማሰር፣ ጣቢያ መድረስ፣ ፍተሻ ማለፍና አዲስ ሆቴል መመዝገብ ስላለ፣ መንገዱ አጭር ቢሆን እንኳ ግማሽ ቀን ይሄዳል። አምስት ከተማ ማለት ከአሥራ ሁለቱ ቀናት ብዙውን በጣቢያና በአውሮፕላን ማረፊያ ማሳለፍ ነው። ጓንግጆን ባለቤትዎ በጎን የዕቃ ዋጋ ሊጠይቁባት ካላሰቡ በቀር ልትተዋት ትችላላችሁ። ቼንግዱም ለሌላ ጊዜ ትቆይ። አምስት ሌሊት ቤጂንግ፣ ሦስት ሌሊት ሺያን፣ የቀረው ሻንጋይ ይሁን።

ጥቅምትን መምረጣችሁ ግን መልካም ነው። የቻይና ብሔራዊ በዓል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 1 ቀን፣ በእኛ መስከረም 21 ገደማ ይጀምራል፤ ዕረፍቱ ሳምንት ያህል ስለሚቆይ የአገሩ ሰው ሁሉ በጉዞ ላይ ነው፤ ትኬትም ማረፊያም ይጠፋል። መስቀልን እዚሁ አክብራችሁ፣ መስከረም ካለቀ በኋላ ብትነሡ ቤጂንግን በቀዝቃዛና በጠራ ሰማይ ታገኟታላችሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቤጂንግ ቅድሚያውን የሚይዘው የተከለከለችው ከተማ የሚባለው ቤተ መንግሥት ነው። ከ1406 እስከ 1420 የተሠራው ይህ ግቢ የሚንግና የቺንግ ሥርወ መንግሥታት ሃያ አራት ነገሥታት የኖሩበት ሲሆን፣ የመጨረሻው ንጉሥ ፑዪ በ1924 ከተባረረ በኋላ በማግስቱ ዓመት ሙዚየም ሆኗል። በሩ ላይ ቆሞ ትኬት መግዛት የለም፤ በፓስፖርት ቁጥር አስቀድሞ በኢንተርኔት ማስያዝ ግድ ነው፤ ሰኞም በበዓል ቀን ካልሆነ በቀር ዝግ ነው። መግቢያው በደቡብ፣ መውጫው በሰሜን ስለሆነ ወደ ኋላ መመለስ አይኖርም። አብዛኛው ጎብኚ በመካከለኛው መስመር እየተጋፋ ያልፋል፤ እናንተ ግን ወደ ጎን ግቢዎች ገባ በሉ፤ ወንበርና ጥላ የሚገኘው እዚያ ነው። ጣሪያዎቹን አስተውሉ፦ ሁሉም ማለት ይቻላል የንጉሥ ቀለም በሆነው ቢጫ ሸክላ ሲከደኑ፣ የመጻሕፍት ቤቱ ጣሪያ ግን ጥቁር ነው፤ በቻይናውያን እምነት ጥቁር ቀለም ውኃን ስለሚወክል፣ መጻሕፍቱን ከእሳት ይጠብቅ ተብሎ የተደረገ ነው። ጉልበትዎ ከፈቀደ ከሰሜኑ በር ፊት ለፊት ያለውን የጂንግሻን ኮረብታ ቀስ ብለው ይውጡ። ኮረብታው ሰው ሠራሽ ነው፤ ለቤተ መንግሥቱ የውኃ ቦይ ሲቆፈር ከወጣው አፈር የተከመረ ነው። የመጨረሻው የሚንግ ንጉሥ በ1644 ራሱን የሰቀለው በዚሁ ኮረብታ ሥር ነው።

የሰማይ ቤተ መቅደስን ማለዳ ብትሄዱበት እመርጣለሁ፤ በዙሪያው ባለው መናፈሻ አረጋውያን ሲጨፍሩ፣ ሲዘምሩና ካርታ ሲጫወቱ ማየት ከሕንፃው የማይተናነስ ደስታ ይሰጣል። ንጉሡ ለመልካም አዝመራ ይጸልይበት የነበረው ክብ አዳራሽ በሃያ ስምንት የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ቆሟል፦ አራቱ ወቅቶችን፣ አሥራ ሁለቱ ወራትን፣ የቀሩት አሥራ ሁለቱ ደግሞ ቀንና ሌሊቱ በጥንቱ የቻይና አቆጣጠር የሚከፈልባቸውን አሥራ ሁለት ጊዜያት ይወክላሉ። አሁን የሚታየው አዳራሽ በ1889 በመብረቅ ከተቃጠለ በኋላ እንደገና የተሠራው ነው።

ወደ ታላቁ ግንብ ስንመጣ፣ ፍርሃትዎ ተገቢ ቢሆንም መፍትሔ አለው። ባዳሊንግ የሚባለው ክፍል በባቡር ስለሚደረስበት ሁልጊዜ በሰው የተጨናነቀ ነው። ከቤጂንግ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ሙትያንዩ ግን ኬብል ካር ስላለው ከግንቡ ላይ ያለ ድካም ያወጣችኋል፤ ከላይም ከአንዱ የጥበቃ ማማ ወደ ሌላው በዝግታ እየተራመዱ፣ ሲደክም ቁጭ ማለት ይቻላል። ባለቤትዎ ወደ ላይ መቀጠል ቢፈልጉ ይሂዱ፤ እርስዎ ማማው ሥር ሆነው ተራራውን ይመልከቱ። ግንቡ ከጨረቃ ላይ ይታያል የሚለው ወሬ ሐሰት መሆኑንም ይንገሯቸው፤ በ2003 ወደ ጠፈር የወጣው የመጀመሪያው ቻይናዊ ያንግ ሊዌይ ራሱ አላየሁትም ብሏል።

ከቤጂንግ ወደ ሺያን ፈጣን ባቡር ያዙ፤ ጉዞው አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የሸክላ ወታደሮቹ ከከተማው ወጣ ብለው ይገኛሉ። በ1974 ገበሬዎች የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ያገኟቸው እነዚህ ምስሎች ስምንት ሺህ ያህል እንደሚሆኑ የሚገመት ሲሆን፣ ቻይናን አንድ አድርጎ የገዛውን የመጀመሪያውን ንጉሠ ነገሥት፣ ቺን ሺ ኋንግን፣ ከሞት በኋላ እንዲጠብቁ የተሠሩ ናቸው። የንጉሡ መቃብር ራሱ እስከ ዛሬ አልተከፈተም። ብዙ ጎብኚ ይህን አይቶ በዚያው ቀን ወደ ሌላ ከተማ ይበራል፤ እኔ ግን በሺያን ከሁሉ የወደድኩት የድንጋይ ጽሑፎች የተሰበሰቡበትን ሙዚየም ነው። እዚያ በ781 የቆመ አንድ የድንጋይ ሐውልት አለ፤ በላዩ ላይ መስቀል የተቀረጸበት ሲሆን፣ አሎፔን የተባለ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን መነኩሴ በ635 ወደዚህች ከተማ መጥቶ ወንጌልን እንዳስተማረ በቻይንኛ ይተርካል፤ የሱርስት ጽሑፍም አለበት። የዘጠኙን ቅዱሳን ታሪክ እየሰማ ላደገ ሰው በዚያ ድንጋይ ፊት መቆም የተለየ ስሜት አለው።

የሺያን ከተማ ግንብ ዙሪያው አሥራ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያልፋል፤ ከላይ ሰፊና ሜዳ ስለሆነ ብስክሌት ይከራያል፤ ለሁለት ሰው የተሠራም አለ። ባለቤትዎ ከፊት ሆነው ይርገጡ፣ እርስዎ ከኋላ ይቀመጡ። ማታ በእስላም ሰፈር ያንግሮው ፓውሞ የተባለውን ምግብ ሳይቀምሱ አይለፉ፤ ተመጋቢው ደረቅ ቂጣውን በእጁ አድቅቆ ይፈተፍታል፣ አስተናጋጁ ደግሞ የበግ መረቅ ያፈስበታል። የእኛው ፍትፍት ዘመድ ነው። ይህ እንግዲህ ለፍስክ ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብን፣ ወይም ጽጌን የሚጾሙ ከሆነ፣ በቻይና የአትክልት ምግብ እንኳ ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ እንደሚበስል ይወቁ። የቡድሃ መነኮሳት ገዳማት አጠገብ ያሉት የአትክልት ምግብ ቤቶች ሥጋና ስብ የማያስገቡ ስለሆኑ አስተማማኞቹ እነርሱ ናቸው።

በሻንጋይ የወንዙን ዳር የድሮ ሕንፃዎች በማታ ብርሃን እዩ፤ ከማዶ 632 ሜትር የሚረዝመው የሻንጋይ ታወር ይታያል፤ አዲስ አበባ ካለው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ከዚያ ይልቅ አንድ ቀን ለሱጆ ስጡ፤ በባቡር ግማሽ ሰዓት ነው፤ የጥንት ባለሥልጣናት ሲጦሩ የሠሯቸው የውኃና የድንጋይ የአትክልት ሥፍራዎች ረጅም ጉዞ ለደከመው ጉልበት ዕረፍት ናቸው።

ጉግል፣ ዋትሳፕ፣ ቴሌግራምና ፌስቡክ በዚያ አገር እንደማይሠሩ ለልጆቻችሁ ከወዲሁ ንገሩ። ክፍያው ሁሉ በስልክ ሆኗል፤ አሊፔይን አገር ቤት ሳላችሁ ሞክሩ፤ ካርዳችሁን ካልተቀበለ ጥሬ ዩዋን ያዙ።

ጥያቄ፦ እኛ በቨርጂኒያ የምንኖር የአሜሪካ ፓስፖርት ያለን ባልና ሚስት ነን። ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ቤጂንግ ላይ ጥቂት ቀን ብናርፍ ቪዛ ያስፈልገናል?

መልስ፦ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ የአሜሪካን ጨምሮ የበርካታ አገሮች ዜጎች ወደ ሦስተኛ አገር የሚያልፉ ከሆነ ለ240 ሰዓት ያለ ቪዛ መቆየት ይችላሉ። ከአሜሪካ መጥታችሁ ወደ ኢትዮጵያ የምትቀጥሉ ስለሆነ ሁኔታችሁ ይስማማል፤ ወደ አሜሪካ ተመልሳችሁ ለመሄድ ከሆነ ግን አይሠራም። ቀኑና ወንበሩ የተረጋገጠ የመቀጠያ ትኬት በእጃችሁ ይኑር። ከመካከላችሁ አንዳችሁ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ከሆነ ይህ ፈቃድ ስለማይመለከታችሁ መደበኛ ቪዛ ማውጣት ያስፈልጋል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከገባችሁበት ቀን ማግስት እኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሆነ፣ ጠዋት ብትደርሱ ያ ቀን ትርፍ ነው።